ጠፍቶ ላልጠፋ መብራት ሌላ ሦስት ዓመት

ከባሕር ማዶ፣ በታይቹንግ ከተማ፣ የሰው አባት ለምታስታምሚው ለልጄ ለራትሚኒ፤

አስቀድሜ የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን እላለሁ፤ ከሰላምታውም ቀጥዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ያ ባለፈው ዝናብ የጀመረሽ የወገብ ሕመም ለቀቀሽ ወይ፣ ቀን ከሌት የምታነሺውና የምታስተኚው ሽማግሌስ ትንሽ ቀለለልሽ ወይስ እንደ ወትሮው ነው፣ እንቅልፍስ በወጉ ታገኛለሽ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። እኛ በዚህ በሱምበርጃቲ ከእኔ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ሩዙም ታጭዶ ገብቷል። ነገር ግን ቁጣዬን በሰላምታ ሸፍኜ ልልክልሽ አልፈቅድምና፣ ከዚህ በታች የምታነቢው ሁሉ በተቆጣ አባት እጅ የተጻፈ መሆኑን ከወዲሁ እወቂው።

ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ ቤታችንን የምታዪበት ካሜራ ስለ ጨለመብሽ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ፓይነም ደውለሽ አልቅሰሻል። ሴትዮዋ ሞቼ የምታገኘኝ መስሏት፣ የፈቀፈቀችውን ኮኮናት ከእጇ ሳታራግፍ እየሮጠች መጥታ፣ እኔን በረንዳ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ በጭኔ ጠቅልዬ ስታገኘኝ፣ «ጋሼ ሱካርዮኖ፣ ልጅዎ ባሕር ማዶ ሆና ነፍሷ ልትወጣ ነው፤ እርስዎ እዚህ ገመድ ይፈትላሉ?» ብላ ተሳለቀችብኝ። ቀጥላም የላክሽላትን መልእክት ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ «አባባ፣ ዓይኔን አጠፉብኝ» ይላል። በስልክ ያልመለስኩልሽ፣ እኛ ስንነጋገር የቤቱ ሰው ሁሉ ጆሮውን ስለሚያስገባበትና፣ እኔም ስቆጣ ቃላቱን የምመርጥበት ወረቀት ስለምፈልግ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከስድስት ሳምንት በፊት፣ ወንድምሽ ሃንዶኮ አንድ ቅጽ ይዞልኝ በመጣ ጊዜ ነው። ቆጣሪው በእኔ ስም በመሆኑ፣ የቤታችን የኃይል መጠን ከፍ እንዲል እንድፈርምለት ፈልጎ ነበር፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳኝ፣ ቀድሞ ወሩን ሙሉ ያደርሰን የነበረው የመቶ ሺህ ሩፒያ ካርድ አሁን በግማሽ ወር እንደሚያልቅ፣ ሊያልቅ ሲልም ቆጣሪው ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ እየጮኸ እንደሚያዋርደን፣ ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ በተሠራበት ቁጥርም ቤቱ ድርግም እንደሚልብን ዘረዘረልኝ። ኃይሉ ከፍ ካለ ለዝቅተኛ ኑሮ ቤት የሚደረገው ቅናሽ እንደሚቀርብን ግን አልነገረኝም፤ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍለውም ከአንቺ ጋር አስቀድሞ ጨርሶ ኖሯል።

ልፈርም ብዕር እየፈለግሁ ሳለሁ የአጎትሽ ልጅ ሰርግ ደረሰ። ሁሉም ሲሄዱ እኔ በጉልበቴ ምክንያት ቀርቼ፣ በረንዳው ላይ ከቆጣሪው ሥር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሰው በሌለበት፣ ሁሉ ነገር ጠፍቷል በተባለበት ቤት፣ በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው፣ ኃይል በተበላ ቁጥር ብልጭ የምትለው ቀይ መብራት፣ ሮጦ እንደ ቆመ ሰው ልብ ትር ትር ስትል አየኋት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌባ ነው፤ እትዬ ፓይነም መስመራችንን ጠልፋ ይሆናል ብዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ሽቦውን በከዘራዬ እየተከተልኩ እስከ አጥሯ ድረስ ሄጃለሁ። ምንም ባጣ ጊዜ ወደ ቤት ገብቼ በየግድግዳው ላይ የተሰካውን አንድ በአንድ እየነቀልኩ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ወደ በረንዳው እየተመለስኩ መብራቷን እመለከት ጀመር፤ ያቺን አንቺ የገዛሽልንን፣ ጠጪ በሌለበት ቀኑን ሙሉ ውሃ ስታሞቅና ስታቀዘቅዝ የምትውለውን ዕቃ፤ ከንጋት የተረፈውን አንድ ጭልፋ ሩዝ ቢጫ እስኪሆን ድረስ የምታሞቀውን መቀቀያ፤ በሪሞት ተኝቶ አንድ ዓይኑን ከፍቶ የሚጠብቀውን ቴሌቪዥን፤ ሃንዶኮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘፍንበትን የድምፅ ማጉያ ሣጥን፤ ስልክ ሳይሰካባቸው እጅ የሚያሞቁትን ቻርጀሮች፤ ሌላም ሌላም። ጠፍተዋል ይባላሉ እንጂ አንዳቸውም አልጠፉም። በመጨረሻ ካሜራሽና ማቀዝቀዣው ብቻ ሲቀሩ፣ ያቺ ቀይ መብራት አንዴ ብልጭ ብላ እንደገና ብልጭ እስክትል ድረስ ጉልበቴን አሽቼ፣ ወገቤን አቃንቼ፣ ለመቀመጥ ደረስኩ።

ከሰርጉ ሲመለሱ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ጭቅጭቅ መቼም ካሜራሽ አሳይቶሻል፤ ድምፁን ግን ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም። እናትሽ የሩዙን መቀቀያ ገመዱ ተጠቅልሎ ስታየው፣ «እንግዳ ድንገት ቢመጣ ቀዝቃዛ ሩዝ ላቀርብ ነው? ከዚያስ እኔን ከግድግዳው ይንቀሉኝ» ብላ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለእኔ ብቻ ቀዝቃዛ ሩዝ አቀረበችልኝ። ሃንዶኮ ደግሞ እየሳቀ፣ «አባባ ደግሞ፣ ቴሌቪዥን ላይ ያለች አንዲት ቀይ ነጥብ ስንት ትበላለች ብለው ነው? ቢንቢ እኮ ናት» አለኝ። እኔም፣ «አንዲት ቢንቢ አይደለችም፤ የነቀልኳቸው ዐሥራ ሦስት ናቸው፤ ቀንም ሌትም ይመጥጣሉ፤ የሚመጥጡትም የእኔን ወይም የአንተን አይደለም፣ የእህትህን ደም ነው» ብዬ መለስኩለት። በማግስቱ የሞላነው ካርድ ይኸው አራተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ቆጣሪውም አንድም ቀን አልጮኸም። ቅጹን በተመለከተ፣ አሁን ገልብጠሽ ብታዪው ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በጀርባው ላይ ነው።

በአንቺ ብቻ፣ በወንድምሽም ብቻ የተቆጣሁ አይምሰልሽ። ሻዬን ከዚያች ዕቃ በቀዳሁ ቁጥር ሙቁን ውሃ ማን እንዳሞቀልኝ አንድም ቀን ያልጠየቅሁ፣ ቴሌቪዥኑ እየለፈለፈ ወንበሬ ላይ የማንቀላፋ እኔው ነበርኩ፤ አርባ ዓመት ልጅ አስተምሬ የገዛ ቤቴን ግድግዳ ማንበብ አለመቻሌ ያሳፍረኛል።

ካሜራውን ግን ለቆጣሪው ብዬ አልነቀልኩትም፤ የሚበላው ጥቂት መሆኑን አይቻለሁ። ሰኞ ጧት ልጅሽ ኪናሲህ ለትምህርት ቤት ጫማዋን እያሰረች፣ «አያቴ፣ እማዬ የምትመጣው አስራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ነው አይደል?» ብላ እንደ ዋዛ ጠየቀችኝ፤ በዚህ ወር መጨረሻ ሌላ የሦስት ዓመት ውል ልትፈርሚ መሆኑን የሰማሁት በዚህ ዓይነት፣ ስትለዪያት ሁለት ዓመቷ ከነበረ፣ ዛሬ ስምንት ከሞላት ልጅ አፍ ነው። ይህን ብላኝ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ለካሜራው እጇን አውለብልባ ወጣች። ያን ጊዜ ወንበር ላይ ወጥቼ ነቀልኩት። አንቺ ከዚያ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ ሆነሽ ቀኑን ሙሉ የምታዪው እሷ ትታው የሄደችውን ባዶ ወንበር ነው፤ ካሜራው በማይደርስበት በጓሮ፣ የታችኛው ጥርሷ ወልቆ ጣሪያው ላይ ስትወረውረው፣ አልቆይ ብሎ ሲንሸራተትም ሦስት ጊዜ ደጋግማ ስትጥለው አላየሽም። ዓይኔን አጠፉብኝ አልሽኝ፤ ዓይንሽ ከፊትሽ ላይ ነው፣ ይዘሽው ነይ።

ልጅቷ ስላለቀሰች ሐሙስ ዕለት መልሼ ሰክቼዋለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሰካዋለሁ፣ ስትተኛ እነቅለዋለሁ። ቤቱ ጣሪያ አለው፣ እርሻውም ከእጃችን አልወጣም፣ የእኔም ጡረታ ለእናትሽና ለእኔ ይበቃል፤ የቀረው ወጪ ማን እንዳበራው ለማይታወቅ ነገር ነበር፣ እሱንም ነቅዬዋለሁ። ስለዚህ ያን ውል አትፈርሚ። ከፈረምሽ ምክንያቱን በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ፣ በልጅሽም ፊት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ካልፈረምሽ ግን መልስ አያስፈልገኝም፣ የምትደርሺበትን ቀን ብቻ አስታውቂኝ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ታገኚኛለሽ።

እናትሽ ሱሚንተን ሰላም ትልሻለች፤ ሩዝ በምንበላበት ሰዓት ብቻ መቀቀል ጀምራለች፣ ተረታለች ብለው አይጻፉ ግን ብላኛለች። ሃንዶኮ ሰላም ይልሻል፤ ቅጹን ሲፈልግ ሰንብቷል፣ የት እንዳለ አልነገርኩትም። እትዬ ፓይነም ሰላም ትልሻለች፤ በከዘራ አጥሯን እንደ ዳሰስኩ አታውቅምና አንቺም አትንገሪያት። ለምታስታምሚውም ሽማግሌ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በእሱ አልተቆጣሁም። ኪናሲህ ሰላም ትልሻለች፤ ጫማ እንድትልኪላት የእግሯን ልክ በዚህ ወረቀት ጥግ ላይ እንድሥልላት እግሯን ዘርግታ ለምናኝ ነበር፤ አልሣልኩላትም። መጥተሽ ለኪያት።

አባትሽ ሱካርዮኖ
ሱምበርጃቲ፣ ቱሉንጋጉንግ
ኦገስት 12 ቀን 2023