አባትሽ የጠየቀሽ ካውያ

ልጄ ዓለሜ፣ ጤናሽ ይብዛልኝ፤ የምትረግጪው መሬት ይመችሽ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የተጣለ ሬድዮ እየለቀመ መነካካት ይዟል። በዚህች ጠባብ ቤት የት ያድርገው? አልጋሽን ፈታና በጣውላው ጠረጴዛ ሠራ። «ስትመጣ የት ልትተኛ ነው?» ብለው፣ «ስትመጣ እገጥመዋለሁ» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ልብስሽ ይሰቀልበት በነበረው ሚስማር አሁን ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ የስፌት መብራቴንም ወስዶብኛል። ተናድጄ ስድስት ቀን አኮረፍኩት።

ደግሞ አንቺ! ካውያ ላኪልኝ ሲልሽ የሽቦ መበየጃውን ማለቱ ነበር። የሬድዮ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚሉት። አንቺ ግን «እሺ አባዬ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው፤ ከዚያ የልብስ ካውያ መጣ። ምነው ልጄ፣ አንዲት ጥያቄ ምን ታጎድልብሽ ነበር? ካርቶኑን ከፍቶ አየውና፣ «ጥሩ ነው፣ ላንቺ ይሆናል» አለኝ። እኔ ካውያ አለኝ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

አሁን እሑድ እሑድ በላክሽው ካውያ ሸሚዙን ተኩሶ ይለብስና ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ይቀመጣል።

መበየጃውን እዚሁ ገዝቷል፤ ስለዚህ ምንም እንዳትልኪ። ዕድሜ ይስጥሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ስትደውዪ ብቻ፣ «አባዬ፣ ምን ዓይነት ካውያ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው፤ ነግሮሽ እስኪጨርስም አትዝጊው።

እናትሽ