የማር መሪዋ ወፍ ድርሻ

ሶዶ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር
ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለቶማ ሻንቆ፣ እንግሊዝ አገር

ልጄ ቶማ፣

ብርዱ እንዴት ያደርግሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጥቁሯ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። ዘንድሮ ዝናቡ ዳሞታን ሳይለቅ ከረመና እንሰቱ ጠግቧል። የቤቱ ክዳን በአንድ በኩል ያፈሳል፤ ራሴ እደፍነዋለሁ፣ ሰው አልለምንም።

ጽሕፈቱ ጠማማ ነው ብለህ አትሳቅ። እስከ ዛሬ የደረሰህን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈልኝ መምህር ደገፉ ነው። ይኼን ግን እኔው ነኝ። ነውር በሰው እጅ አይጻፍም። እናትህ፣ ፈጠነች፣ ከሞተች በኋላ፣ በስተርጅና፣ ወንጌል ቤት ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ የቆጠርሁት የአንተ ደብዳቤ በሌላ ሰው አፍ አልፎ እንዳይመጣብኝ ብዬ ነበር። ማንበቡ እንደምንም ሆነልኝ፤ መጻፉ ግን ድንጋይ መፍለጥ ነው። የቤታችንን ቋንቋ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያሰፍሩት ያስተማረኝ የለም፣ ስለዚህ በአማርኛዬ ታገሠኝ። ፈረንጆችህ ምን እንደጻፍሁ ቢጠይቁህ «መንገድ መሪው ስለ ወፍ ይጽፋል» በላቸው። ውሸትም አይሆንብህ።

እንግዲህ ስለ ወፍ ልጻፍ።

በመጋቢት እነዚያን ወፍ ሊያዩ የመጡ ፈረንጅ ባልና ሚስት በላንድሮቨር ይዘህ ሶዶ ስትገባ ሦስት ዓመት ያላየሁህ ልጅ ነበርህ። ገበያ መካከል ልስምህ እጄን ዘረጋሁ። አንተ ክንዴን ይዘህ ወደ አንድ ግንብ ጥግ ወሰድኸኝ።

«አባ፣ ፈረንጆቹ ዘመድ መቅጠር አይወዱም። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። አባቱ ነኝ እንዳትል።»

«ስሜንስ ቢጠይቁኝ?» አልሁህ፤ የስምህ ግማሽ የእኔ ነውና።

መልስ አላጣህም። «ጩማ ነኝ በል» አልኸኝ። ዓለም ላይ ካለው የሰው ስም ሁሉ መርጠህ የጎረቤታችንን፣ የዚያን ድንበር ገፊ ስም አለበስኸኝ!

እሺ አልሁ። ፈርቼህ አይደለም። ከብላቴ እስከ ኦሞ መውረጃ የወፍ ማደሪያ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ የለም፤ ሌላ ሰው መርቶ እንዳያሳፍርህ ብዬ ነው። አብረን ያየነውን ለምን ትነግረኛለህ ትል ይሆናል። አንተ ያየኸው በእነሱ መነጽር ነው። የእኔን ዓይን ደግሞ ስማ።

መጀመሪያ ወደ ብላቴ በረሃ ወረድን። ግራር፣ እሾህና አቧራ። ፈረንጁ ጅግራ አይቶ እንደ ሕፃን ሲፈነድቅ ሳቄን ዋጥሁት፤ በእኛ ቤት ጅግራ ወጥ ነው። ሚስቱ ደግ ሴት ናት፣ ይኼን አልክድም። ከራሷ ኮዳ ውኃ ታጠጣኝ ነበር። ታስታውስ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ቀን ከቁጥቋጦ ሥር የተኛ እፉኝት ልረግጥ እግሬን ሳነሣ ከኋላዬ «አዋው!» ብለህ ጮኽህ። በቋንቋችን፣ «አባቴ!» ብለህ። እግሬ አየር ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችህ። ምን ብለህ እንደመለስህላት ድንኳን ስንተክል ራስህ እየሳቅህ ነገርኸኝ፤ «ተጠንቀቅ ማለት ነው አልኋት።» ከዚያ ወዲያ እሾህ ባየች ቁጥር፣ ድንጋይ በተንከባለለ ቁጥር «አዋው! አዋው!» ትለኝ ነበር። ባዕድ ሴት ሳታውቀው አባቴ ስትለኝ ሰነበተች። የወለድሁት አንዴ ብቻ፣ ያውም እፉኝት አስገድዶት።

ከገሱባ አልፈን ወደ ኦሞ መውረጃው ጫካ ስንገባ ዛፉ ሰማዩን ሸፍኖት ፈረንጁ አንገቱ እስኪጣመም ያንጋጥጥ ነበር። እዚያ የማር መሪዋ መጣች። ያቺ አመድማ ትንሽ ወፍ ፊታችን ቅርንጫፍ ላይ ሆና ጮኸች። አፏጨሁላት። ሄደች፣ ቆመች፣ ዞራ አየችን። እየተከተልናት የዱር ንብ የሰፈረበት ባዶ ግንድ ላይ አደረሰችን። በጭስ አባርሬ ማሩን አወጣሁ። ማናችንም ሳንቀምስ አንድ ቁራጭ ሰፈፍ ከነማሩ ቅጠል ላይ አድርጌ ለእሷ አኖርሁላት። ፈረንጁ ለምን ብሎ ጠየቀ።

«መሪ ድርሻውን ከተነፈገ በሌላ ጊዜ ወደ እባብ ጉድጓድ ይመራል» አልሁ።

አንተ በእንግሊዝኛ ነገርኸው፣ እሱ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ልጄ፣ ያን ቃል በአፍህ ስታሳልፈው ጆሮህ አልሰማውም?

ከዚያ ዳሞታ ወጣን። ፈረንጁ ባሕር የተሻገረው ለበቀቀኗ ነበር፤ ለዚያች ለአረንጓዴዋ፣ ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ላለበት። ስትበር ማየት አልበቃውም። ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ጫጩቷን ስትቀልብ አይቶ መጻፍ ፈለገ። ቦታውን አውቀው ነበር። አንተም ታውቀዋለህ። በግቢያችን፣ ከእናትህ መቃብር ራስጌ ባለው ሽማግሌ ጽድ፣ ከቁመቴ ሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ ያለው ቀዳዳ ነው። በየዓመቱ እዚያ ትፈለፍላለች። እናንተን ልቀበል ከቤቴ ስወጣ እንኳ ጫጩቶቹ ሲንጫጩ ሰምቼ ነው የወጣሁት።

ወደዚያ ብመራችሁ ግን ጎረቤታችን ቦልቴ ከአጥር ማዶ «የሻንቆ ልጅ መጣ! ቶማ መጣ!» ብላ እልልታዋን ታቀልጠው ነበር። ውሻው እንኳ ያውቅሃል። ስለዚህ በስተጀርባ፣ በገደሉ በኩል ወሰድኋችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ባዶ ዛፍ አሳየኋቸው። ብርዱ ሲጸናብህ ቡልኮዬን ሰጠሁህ፤ ፈረንጁም የአገሩ ሽማግሌ እንግዳ አክባሪ ነው ብሎ ያንንም ጻፈው አሉ። ከገደሉ አፋፍ የጽዱ ጫፍ ይታይ ነበር። አንተ ወደዚያ አይተህ ዓይንህ እንባ አቀረረ፣ ሴትዮዋም ትከሻህን አቀፈችህ። እናቱን አስታወሰ ብዬ እኔም ፊቴን አዞርሁ።

በመጨረሻው ቀን ፈረንጁ ደብተሩን አጥፎ አንድ ነገር አለ። ምን አለ ብዬ ጠየቅሁህ።

«ሽማግሌው በቆላ ጎበዝ ነው፣ ተራራውን ግን አያውቅም ይላል።»

ዳሞታን! እኔ! እትብቴ የተቀበረበትን! አንተ እያወቅህ መሬት መሬት ታይ ነበር። ስንለያይ ሴትዮዋ ጉንጬን ሳመችኝ። አንተ እንደ ዳኛ እጅህን ሰጠኸኝ።

ያን ጊዜ እንኳ ስሜን ነው የደበቀው፣ ሌላ አላደረገም ብዬ አስብ ነበር። በግንቦት «ፈረንጆቹ ሊያስተምሩኝ ወሰዱኝ» የምትል ሁለት መስመር ስትልክልኝ በጉባኤ መካከል ቆሜ አመሰገንሁ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ጨበጡኝ።

በሰኔ መጨረሻ ከሴትዮዋ ደብዳቤ መጣ። «ለጩማ፣ በመምህር ደገፉ በኩል» ይላል፤ አድራሻውን የሰጠሃት አንተ ነህ። ውስጡ ፎቶግራፍ አለ፤ አንተ በመኪናው በር፣ እኔ ከዳር፤ ጩማ የተባልሁት እኔ መሆኔን ደገፉ ያወቀው በእሱ ነው። ደገፉ እያነበበ ይፈታልኝ ጀመር። ሴትዮዋ መጀመሪያው ላይ «አዋው» ብላ ጽፋለች። ደገፉ ሳቀ፤ «ጋሼ ሻንቆ፣ ፈረንጇንም ወልደዋታል እንዴ?» አለኝ። ትንሽ ቀጠለና ድምፁ ቆመ።

«ምነው? አንብብ እንጂ» አልሁት።

«ጋሼ፣ ተሳስታ ይሆናል።»

«ስሕተቷን አንብብልኝ።»

አነበበው። ቶማ እናትና አባቱን በልጅነቱ ያጣ ድሀ አደግ ስለሆነ እንደ ልጃችን አድርገን እናስተምረዋለን ትላለች። የሁለቱም መቃብር ዳሞታ ነው ብሎናል፣ አንተ አገሩን ታውቃለህና ፈልገህ ፎቶግራፍ አስነሥተህ ላክልን፣ ቤታችን ግድግዳ ላይ እንሰቅልለታለን ትላለች።

ደገፉ አንገቱን ደፋ። «ምን ብዬ ልመልስላት? እውነቱን ልጻፍ?»

«አትጻፍ። አሳድረው» አልሁት።

ለካ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሴትዮዋ ያጽናናችህ ለእናትህም ለእኔም ሞት ኖሯል። እኔ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። አንድ መስመር ትበቃኝ ነበር፤ «አባቱ እኔ ነኝ፣ አልሞትሁም» የምትል። በዚያች መስመር ሻንጣህን አስይዘው ሲመልሱህ ታየኝ። አልዋሽህም፣ አንዱን ቀን ሙሉ ደስ እያለኝ ነው ያየሁት። የማር መሪዋ እንኳ ድርሻዋን ስትነፈግ ወደ እባብ ትመራለች። እባቡ የት እንደተኛ አውቅ ነበር፤ መንገዱም በእጄ ነበር።

በአራተኛው ቀን ከእናትህ ጎን፣ ለራሴ ብዬ በተውሁት ቦታ ላይ አፈር ቆልዬ ድንጋይ እደረድር ጀመር። ጩማ፣ እውነተኛው ጩማ፣ ከድንበሩ ላይ ሆኖ አየኝ።

«ሻንቆ! ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያስ ያቺ ክርክራችን ለእኔ ቀረች በለኛ!» ብሎ ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ አጥሩን ዘሎ መጣና ድንጋይ ያቀብለኝ ጀመር። ምንም አልጠየቀኝም። ጠላቴ ነው፣ መቃብሬን ግን ሠራልኝ። ልጄ ደግሞ ስሙን ሰጠኝ። ሰው ምኑ ይታወቃል።

ደገፉ ካሜራ ተውሶ መጣ። «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይበሉልኝ፣ ጥላዎ መቃብሩ ላይ ወድቋል» አለኝ። ወደ ኋላ አልሁ።

ፎቶግራፉ ሄዷል። መልሱ «በስተቀኝ እናቱ ናት፣ በስተግራ አባቱ ነው፤ አባቱ መንገድ የሚያውቅ ሰው ነበር» ይላል። የመጨረሻዋን ቃል ያስጨመርኋት እኔ ነኝ፣ አይክፋህ። እንግዲህ ግድግዳው ላይ ታገኘናለህ፤ ስትወጣም ስትገባም። አባትህን ቀብሬልሃለሁ ቶማ። ለቀባሪ እንኳ አልተቸገርህም። አሁን ተማር። ሰንፈህ ብትመለስ ከዚያ ድንጋይ ሥር ወጥቼ ነው የምቀበልህ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፎቶግራፉን ደህና አድርገህ ብታየው፣ ከመቃብሮቹ በላይ ግንዱ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ አለ። የበቀቀኗ ቤት እሱ ነው። ጫጩቶቹ በርረው ሄደዋል፣ አሁን ባዶውን ነው። ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ ያጣው ነገር በገዛ ግድግዳው ላይ ይሰቀልለታል። ብትፈልግ ንገረው፣ ባትፈልግ ተወው። እኔ ዳሞታን የማላውቅ ሽማግሌ ነኝ።

መጽሐፍ እግዚአብሔር የድሀ አደጎች አባት ነው ይላል። አንተ ድሀ አደግ እንዳልሆንህ እሱ ያውቃል፤ ቢሆንም አይተውህ። እግርህን ከእፉኝት፣ ደረትህን ከብርድ ይጠብቅልኝ። በባዕድ አገር ሞገስ ይስጥህ።

ድርሻዬን ግን አልተውም። በዓመት አንድ ጊዜ ጻፍልኝ። በዚያ ቤት ለሞተ ሰው ደብዳቤ መላክ ያስጠይቅሃልና «ለመንገድ መሪው ለጩማ» ብለህ ጻፍ፤ ይደርሰኛል። በትልልቁ ጻፈው፣ ዓይኔ ደክሟል።

መንገድ መሪህ
ጩማ