ያልተቃጠለው ወንድማችን

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

እንዴት ነሽ? እማማስ? ዝናብ ሲመጣ ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ተሻላት? ልጆችሽ አድገው ጀልባ መቅዘፍ ሳይጀምሩ አይቀሩም። የጎደሬው ማሳ፣ አሳማዎቹ፣ አጎቴ ሉራንግ፣ ሁሉም ደህና? እኔ አለሁ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ አትሳቂብኝ፤ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኙ ተጠቅልሏል፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ለእማማ አታንብቢላት። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የላማሲሲ ማላንጋን፣ ያ የሙት መሸኛ ምስሉ፣ የተሸጠበትን ቀን መቼም አትረሺውም። ወንድማችንን ባሕር በልቶት አስከሬኑ ሲጠፋ፣ አጎቴ ሉራንግ ስምንት ወር ተቀምጦ ምስሉን ቀረጸለት። ድግሱ እንዳለቀ አንቺ “ምስሉን ዛሬውኑ እናቃጥለው፣ ነፍሱ በሰላም ትሂድ” አልሽ። “ፈረንጅ ከወሰደው ያው ተቃጠለ ማለት አይደል? ባሕር የተሻገረ ነገር ምን ይመለሳል?” ያልኩት እኔ ነኝ። አጎቴም “እሱስ ልክ ነው፣ ሌሎቹም መንደሮች እንዲህ ያደርጋሉ” አለ። ምስሉን በመርከብ ለመጣው ፈረንጅ ነጋዴ ሰጥቼ ሁለት መጥረቢያ ተቀበልኩ። አንቺ ሦስት ቀን ዘጋሽኝ። እማማ ግን ይኸው ስድስት ዓመቷ፣ “ልጄ አልሄደም፣ ጓሮ ሆኖ ሲያስል እሰማዋለሁ” እያለች ከሐዘን አልወጣችም፤ አሳማ አትቀምስ፣ ጸጉሯን አትቆርጥ። እኔ ደግሞ “ጃጅታ ነው” ብዬ አሾፍኩባት። ምነው አፌን በቆረጠው!

እህቴ፣ እውነቷን ነው። አልሄደም። አገኘሁት።

የምሠራባት መርከብ ለጥገና ፈረንጅ አገር፣ ማርሴይ ወደብ ስትቆም፣ ሙሴ ቴራዝ የሚባል አንድ ሠዓሊ ቤት ለመጥረግና እንጨት ለመፍለጥ ተቀጠርኩ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ እጄን እየጎተተ መሳያ ክፍሉ አስገባኝና “ይሄን ታውቀዋለህ?” አለኝ። ላማሲሲ ግድግዳው ሥር ቆሟል። እግሩን ዓሣ እንደዋጠው፣ ግራ ጆሮው ላይ የአጎቴ መሮ አዳልጦ የሰነጠቀው እንዳለ። ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም። ለካ ሠዓሊው በየቀኑ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ይጠርግለታል፣ ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት ይቀባዋል። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ አቀፍኩት። ሰውዬው ደስ ብሎኝ መሰለው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ዘመድ የለው። “ትምህርት ቤት ያስተማሩኝን ሁሉ ያስረሳኝ ይሄ ነው፤ መሳል የጀመርኩት እሱን ካየሁ ወዲህ ነው” ይል ነበር። ሲስል የላማሲሲን ዓይን አንዲት ራቁቷን የሆነች ሴት ፊት ላይ ይተክለዋል፣ ዓሣውን ሰማይ ላይ ይሰቅለዋል። እኛ ዘንድ ያንን ቅርጽ ሳያስፈቅድ የቀዳ ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ። እሱ ምን ያውቃል? ምስሉን የሸጥኩት እኔ አይደለሁ!

ለመንኩት። “ወንድሜ ነው፤ ካልተቃጠለ አይሄድም፤ እናቴ እየጠበቀች ነው” አልኩት። አልሳቀብኝም። ትከሻዬን አቅፎ “አይዞህ፣ እኔ እያለሁ ማን ይነካዋል? ወንድምህ እዚህ መቼም አይሞትም!” አለኝ። ማጽናናቱ ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ያለ እርግማን ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ላማሲሲን ምድጃው ፊት አስተኛሁት። ስሙን ጠርቼ አለቀስኩና ለኮስኩት። ደረቅ እንጨት ነው፣ ወዲያው ተያያዘ። ክፍሉ ግን የቀለም ዘይትና ጨርቅ ሞልቶበታል። እኛ የምናቃጥለው ሜዳ ላይ ነው፤ ጣሪያ ሥር አቃጥዬ አላውቅ፣ ከየት ላስበው? ሥዕሎቹም ተያያዙ። ደጅ ቆሜ ሳለሁ እየሮጠ መጣ። “እሱስ? እሱስ የት አለ?” አለኝ። “ሄደ” አልኩት። አልገባውም። ሊያወጣው ገባ። ኮቱን ያዝኩት፤ ኮቱ እጄ ላይ ቀረ። ተከትዬው እስከ በሩ ደርሻለሁ። እጄ እዚያ ነው የተቃጠለው፤ እሱ ግን አልወጣም።

አሁን ያለሁበት ቤት ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል። በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ሌሎች ናቸው። ቶሎ ይመጣል ብለሽ መርከብ አትጠብቂ።

ለእማማ “ላማሲሲ ሄዷል” በያት። ጸጉሯን ቁረጪላት፣ አሳማ ይታረድላት፣ ትብላ። የላማሲሲ ዓይን ያለባቸው፣ ቀደም ብለው የተሸጡ ሦስት ሥዕሎች መኖራቸውን ግን እንዳትነግሪያት። ወዴት እንደሄዱ አላውቅም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የአጎቴ እጅ መንቀጥቀጥ ካልጀመረ አንድ ትንሽ ማላንጋን ይቅረጽልኝ። አፍንጫው ረጅም፣ ጢሙ ቀይ ይሁን፤ ብሩሽም ያስይዘው። የሚደግስለት ዘመድ የለውምና አንቺ ደግሺለት። “ማን ነው?” ቢሉሽ፣ “የላማሲሲ ወዳጅ ነበር” በያቸው፤ ውሸት አይደለም።

ባሕሩ ይራራላችሁ፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ እማማ ደስ ብሏት ትደር። ድግሱ እንዳለቀ ግን ሌላ መርከብ ሳይደርስ ሜዳ አውጥታችሁ አቃጥሉት።

ያን ቀን ቃልሽን ያልሰማው ታናሽ ወንድምሽ