ዳክ የሚለኝ ሰው

ሜይ 6

ዝናብ። ልብስ አጣጠፍኩ፤ የራሴን፣ የልጄን የኒልን፣ የሚስቱን የፊሊፓን። ሁለቱም ሥራ ናቸው። ለድመቷ አወራሁላት... እሷም ሰልችቷት ወጣች።

ባሌ አርተር ካረፈ በኋላ ኒል «ሦስት ወር እኛ ጋ ሞክሪው እማዬ፤ ከተስማማሽ ስቶክ ከተማ ያለውን ቤትሽን እንሸጠዋለን» ብሎኝ ነው ወደዚህ ደቡብ ጠረፍ የመጣሁት። ጁን ሲያልቅ ቁርጤን መናገር አለብኝ። ባሕሩ ቆንጆ፣ ክፍሌ ሰፊ። ታዲያ ምን ጎደለኝ?

ሜይ 9

ዛሬ አፈርኩ። ከፊሊፓ ጋር ሥጋ ቤት ሄደን ሻጩን፣ ያን የሚያክል ጢማም ሰው፣ «አመሰግናለሁ ዳክ» አልኩት። ደነገጠ። የተሰለፉት እርስ በርስ ተያዩ።

መኪና ውስጥ ስንገባ ፊሊፓ ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ በጨዋ ደንብ፣

«እማማ፣ ቅር እንዳይልዎት... እዚህ ሰውን እንደዚያ አይሉትም። የሚያሾፉበት ይመስለዋል።»

«በእኛ አገር እኮ ‹የኔ ጌታ› እንደ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ላይ እንዳይስቁ ብዬ ነው።»

ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቻት ይወጣልኝ ነበር።

እኛ ጋ ዳክ የማይባል የለም። ፖሊሱም፣ ሐኪሙም፣ የሚወዱትም፣ የሚሰድቡትም። ወንድ ወንዱን ሲለው ማንም ዞር ብሎ አያይም። አርተር «ስሚኝማ ዳክ» ብሎ ከጀመረ ነገር አለ ማለት ነው። ሆስፒታል የመጨረሻው ቀን ላይ ስሜን ረስቶት ነበር። ያቺን ቃል ግን... ይቅር።

ሜይ 17

ኒል በቴሌቪዥን ክሪኬት ያያል። አንዱ መቺ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ከሜዳ ወጣ። «ዳክ!» ብሎ ጮኸ ኒል። የጠራኝ መስሎኝ ዞር አልኩ። ለካ ዜሮ ማለቱ ነው።

ይህ ቃል ስንት ሥራ ይሠራል? ኩሬው ላይ የምትዋኘው ወፍ ዳክ። ዜሮ ዳክ። ባለፈው እሑድ ምሳ የበላንበት አሮጌ መጠጥ ቤት በሩ አጭር ነው፤ ጎንበስ በሉ ለማለት ከላዩ «ዳክ» ብለው ጽፈዋል። እኔ ሞኟ ሰላም ያሉኝ ያህል ፈገግ ብዬ ሳነበው ግንባሬን መታኝ። አሁንም አብጧል። ከጥያቄ ማምለጥም ዳክ ነው። ኒልን «እዚህ ደስ ይልሃል?» ብዬ ብጠይቀው «ሻይ ልጨምርልሽ?» አለኝ።

ሁሉም እዚህ አለ። የኔው ብቻ የለም።

ሜይ 18

ፖስተኛው «እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለኝ። ሌላ ሰው አላናገረኝም።

ጁን 3

ፊሊፓ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ገባች፤ ባሕሩ ዳር ካለው ካፌ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ፊት ለፊቴ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጧል። ሻዩ ሳይመጣለት የስኒውን ማስቀመጫ ሳህን አነሳና ገለበጠው። ሥሩን አነበበ። ራሱን ነቅንቆ መለሰው።

ስኒዬን ወደ ጎን ገፋሁ። ሳህን ገልብጦ የሚያነብ የኛ ሰው ነው። ከተማው በሙሉ በሳህን ፋብሪካ ያደገ ነው፤ ሠርግ ላይ ብንጠራ እንኳ ከሥሩ ያለው የፋብሪካ ማኅተም የማን እንደሆነ ሳናይ አንበላም። አርተር በሠርጋችን ቀን ሾርባ ያለበትን ገልብጦ አዲሱን ሱሪውን አበላሽቷል።

ተነሥቼ ሄድኩ። «የኛ ነው?»

«የት የኛ! ከውጭ የመጣ ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ። «ከየት ነዎት?»

«ከስቶክ፣ ከበርስለም ሰፈር።»

«እኔ የሎንግተን ልጅ! አንድ ከተማ! ቁጭ በይ እንጂ ዳክ፣ ምን ያቆምሻል!»

አንቱታው እዚያው ቀረ። እኔም አለቀስኩ። ሰው ፊት! መሀረብ ፍለጋ ኪሱን ሁሉ በረበረና የአውቶቡስ ቲኬት አወጣልኝ።

ዊልፍ ይባላል። በጎልማሳነቱ ለሥራ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ሚስቱም እዚሁ ተቀብራለች።

ጁን 10

ዊልፍን ደግሜ አገኘሁት። ቃሉን መቼ እንደተወው ጠየቅኩት።

«እንደተውኩት አላወቅኩም። አንድ ቀን ሚስቴን እንደዚህ አገር ሰው ‹ውዴ› ብዬ ጠራኋት። ዞር ብላ ‹ማንን ነው?› አለችኝ።»

ሳቅን። እሱ ቶሎ አቆመ።

«የዚያን ቀን ላንቺ ‹ዳክ› ስል ራሴው ደነገጥኩ። ስንት ዓመት ለማን ብዬው አውቃለሁ?»

«ታዲያ ለምን አትመለስም?»

«ወደ ማን? እዚያ የማውቀው ሁሉ አልቋል። እዚህ ደግሞ የኔዋን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ሻዩን አማሰለ። «አንቺ ግን ሂጂ ግሌኒስ። እኔን አይተሽ ሂጂ።»

ብሄድስ እሱ ለማን ይለዋል? ጨክኜ መሄድ የምችል አይመስለኝም።

ጁን 24

ዊልፍ ‹እኔን አይተሽ ሂጂ› ያለኝ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ለኒል ነገርኩት። ቤቱ አይሸጥም፤ እመለሳለሁ።

«ብቻሽን? ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?»

«እዚህስ ቆሜ ማን አየኝ?»

ምነው ባልተናገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። «ሥራ ነው እኮ እማዬ...» አለ። አውቃለሁ ልጄ። ፊሊፓ ራሷ የባቡር ቲኬቱን ገዛችልኝ።

ዊልፍ «ጎበዝ!» አለኝ። ሻዩን ግን አልጨረሰም።

ጁላይ 12

በርስለም ገብቻለሁ። ቤቱ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። የአርተር ወንበር ባዶውን ነው። ስመጣ ይሞላል ብዬ ነበር እንዴ?

ጠዋት መስኮት ከፈትኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ከታች የአጃ ቂጣ ቤቱ ወረፋ እስከ መታጠፊያው ደርሷል። ስልክ ጮኸ። ዊልፍ ነው፤ ድምፁ ደክሟል።

«ምንም አልፈልግም። ዝም ብለሽ አውሪልኝ።»

ምን ላውራለት? ስልኩን ይዤ ክንዴን በመስኮቱ ወደ ወረፋው ዘረጋሁ።

«ዳክ፣ ተራሽን ጠብቂ!»

«ተራዬ ነው! ዐይንህን ታከም ዳክ!»

«አይብ አብዢበት ዳክ፣ ያለፈው እንደ ባሌ ደረቅ ነበር!»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ ደገፍኩት። ከቆየሁ በኋላ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት። የዘጋው መሰለኝ።

«ዊልፍ?»

«አለሁ» አለ። «መስኮቱን አትዝጊው።»