ንፍሮ የቀመሰ ሁሉ ቁልፉን ስላገኘበት ጉዳይ

ለክቡር አቶ ዶብሪቮዬ ማሪንኮቪች፣
የዶንያ ሊፓ ማዘጋጃ ቤት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎና እሑድ እሑድ ሲያጥቧት ለማያት መኪናዎ ጤንነትን እየተመኘሁ፣ በተለይ የዓይንዎን ብርሃን አምላክ እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ፤ ዓይን በከተማችን ወረፋ የሚያስጠብቅ ነገር ሆኗልና።

እኔ ስትራሂንያ ነኝ። የሙያ ትምህርት ቤቱን ደወል እንደ አውራ ዶሮ ስላስጮኽኩት በሁለተኛ ዓመቴ በክብር የተሸኘሁት። ጎረቤቴና የቼዝ ባላጋራዬ ጋሽ ሚሊሳቭ ደግሞ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ሲሆኑ፣ ኮምፒውተርን የሚያዩት እንደምትራገጥ በቅሎ ነው። ቢሆንም ያችን በቅሎ በምችለው ቀላል ዘዴ ሁሉ አጠርኳት፦ ነጻ ጸረ ቫይረስ ጫንኩ፣ ማሻሻያዎቹ በራሳቸው እንዲገቡ አደረግሁ፣ የሟች ባለቤታቸውን ፎቶዎች ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ፣ ከድሮ የባቡር ጣቢያዎች ስም ረጅም የይለፍ ቃል ሠራንላት። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል» የሚል መልእክት ሲመጣ እንኳ «ይሄ ደግሞ የማን ሌባ ነው?» ብለው ማጥፋት ለመዱ። ቤቱ ምሽግ ሆነ። ከዚያ የእርስዎ መሥሪያ ቤት መጣ።

ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የሕክምና ተራ በምንይዝበት ድረ ገጽዎ ላይ፣ የይለፍ ቃል ለረሳ ሰው ሁሉ «የቤትዎ ቅዱስ ማን ነው?» ብሎ ብቻ በር የሚከፍት ሥርዓት ስለዘረጉልን እናመሰግናለን። እያንዳንዱ ቤት ቅዱሱን በሚዘክርበት ቀን በከተማችን ማንም ሳይጠራ እንደሚመጣ፣ የጋሽ ሚሊሳቭን የሚካኤል ንፍሮ ያልቀመሰ እንደሌለ፣ ክቡርነትዎም አምና ሁለት ጊዜ እንዳስጨመሩ ያስታውሳሉ። ይህን ምስጢር የማያውቀው ገና ያልተወለደ ሕፃን ብቻ ነው።

፪. ባለፈው ወር አንድ ሰው ይህንኑ ምስጢር መልሶ፣ በጋሽ ሚሊሳቭ ስም ገብቶ፣ ዓመታት የጠበቁትን የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ ሰርዞታል። ከኋላቸው የነበሩት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ተጠጉ። ጸሐፊዎም «መልሱ ትክክል ስለነበር የሰረዙት ራሳቸው ናቸው» ብላ አስተምራናለች። ማንን እንደሚጠረጥሩ ጋሽ ሚሊሳቭን ብጠይቃቸው፣ «ንፍሮዬን የበላ ሰው እንዲህ ያደርገኛል? አፍህን ዝጋ!» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ።

፫. ጥያቄው ይቀየርልን ብንል «የውሻዎ ስም ማን ነው?» የሚለውን በቸርነት ፈቀዱልን። ውሻው ጋሮቭ ይባላል። ጋሽ ሚሊሳቭ ሲጠሩት ከወንዙ ማዶ ያሉ ላሞች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ።

፬. የቀረኝ ቀላል መሣሪያ ውሸት ብቻ ነበር። ለማሽን መዋሸት ኃጢአት የለውም፣ በሚካኤል ፋንታ ቅዱስ ኒኮላ ብለው ይጻፉ፣ ካልሆነም ድንች ይበሉ ብዬ ለመንኳቸው። «አንተ ውርጋጥ! አባቴ ዝክር በሚያስቀጣበት በፓርቲው ዘመን መጋረጃ ጋርዶ ያከበረውን ሚካኤል ለወረፋ ብዬ ልካደው?» አሉኝ። ቫይረስ ቢሆን ባጸዳሁት፤ ለዚህ ግን የሚጫን ነገር አጣሁ። የስክሪኑን ፊደል አውራ ጣቴን እስኪያህል አሳደግሁላቸው፤ እሱም ደብዝዞባቸዋል። ቼዝ ስንጫወት ፈረሱን በእጃቸው ዳስሰው ነው የሚያነሡት፤ እኔም ማታለል ትቻለሁ፣ እንዲህ ሆኖ ምን ይጥማል?

እንግዲህ ጉልበት ካለዎት ተራቸው እንዲመለስ፣ ማሽንዎም ከተማው አብሮ ተቀምጦ ያልበላውን ነገር እንዲጠይቅ ያድርጉልን። እኔ የማውቀው እዚህ ላይ አልቋል።

ከመሥሪያ ቤትዎ የመጨረሻ ደረጃ ላይ ቆቤን አውልቄ እስከ ወንበርዎ እግር ድረስ እጅ የምነሳ፣
ባለ ደወሉ ስትራሂንያ ፔትሮኒየቪች

ማስታወሻ፦ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ለጋሽ ሚሊሳቭ አነበብኩላቸው። «አበዛኸው፤ በል ሰላምታዬን ጨምርበት» አሉኝ፤ ጨምሬያለሁ። ለመጪው ሚካኤልም እንደ ወትሮው ይምጡ፣ በሩ ክፍት ነው። ማን እንደገባ ግን አይታያቸውም፤ በዚህ እንኳ ከመሥሪያ ቤትዎ ጋር ተመሳስለዋል።