የአራት ቁጥሩ መስኮትና ያልተቋጠረልኝ ጩኮ

ለተከበሩ ወይዘሮ ዙቤዳ
የ«ጭላሎ በር» ፔንሲዮን ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ገንዘብ ያዥና የቁልፎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ
አሰላ

ጉዳዩ፦ የቆየ ደንበኛን በመርሳትዎ ምስጋና ስለማቅረብ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤንነት፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ሰሞኑን በተአምር ለዳነው የውሃ ማሞቂያዎም ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ከብርዱ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ብርዱም የአሰላ ስለሆነ ማንንም አልከስበትም።

ለወትሮው «አንቺ» እያልኩ የማወራዎት ሰው ዛሬ «እርስዎ» በማለቴ እንዳይደነግጡ አደራ እላለሁ። ደረጃዎ ከፍ ብሏል፤ ዓለም አቀፍ ሆነዋል፤ እኔም ድንበሬን ማወቅ አለብኝ። ይህንንም ደብዳቤ በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እጅዎ የፈረንጅ ቦርሳ በመሸከም ተይዞ ስለሰነበተ፣ «ያለ መታወቂያ አልጋ አይከራይም» ከሚለው ማስታወቂያዎ ጎን በሩ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ወጪ ወራጁ ሁሉ ቢያነበው ቅር አይለኝም።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ኢርሻድ ነኝ፤ የጮሌ ከተማው ብርድ ልብስ ነጋዴ። በየሳምንቱ ዕቃ ለመጫን ወደ አሰላ ስመጣ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የተደረደሩትን አልጋ ቤቶች ሁሉ አልፌ የእርስዎን በር የማንኳኳው ሰው ማለት ነኝ። መምጣት ስጀምር ሰፈሩ ቱሪስት የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ባለቤትዎም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በሕይወት ነበሩ፤ እንግዳ ማለትም እኔና ገብስ ሊሸጡ የሚመጡ ገበሬዎች ብቻ ነበርን። ዛሬ ጭላሎን ለመውጣት የሚመጣው ባለ ትልቅ ቦርሳ ሁሉ ሰፈሩን ሞልቶት፣ ባጃጁ ዋጋውን በእንግሊዝኛ ሲጠራ፣ ባለ ጋሪውም ፈረሱን ለፎቶ ሲያቆም፣ እኔ ያው በአማርኛ የማዛጋ ተራ ደንበኛ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ከእነዚህ ባለ ቦርሳዎች ሁሉ ደብዳቤዬ የሚመለከተው አንዱን ብቻ ነው። እሱም በዚህ ሳምንት በቤትዎ አርፎ የነበረው፣ ያ ረጅሙ፣ ጢማሙ፣ ስሙን እርስዎ ብቻ አጣርተው የሚጠሩት እንግዳ ነው። በእሱ ምክንያት የተደረገልኝን ውለታ ሳላመሰግን ብሞት ነውር ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የዘወትር ክፍሌን አራት ቁጥርን ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። ቁልፌን ስጠይቅ፣ ሰውየው ተራራውን በመስኮት ማየት እንዳለበት አስረድተውኝ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ያለችውን ክፍል በፈገግታ ከፈቱልኝ። ተራራውማ የት ይሄዳል! አሰላ ውስጥ ቀና ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ ግን እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሁሉ ጊዜ በዚያ መስኮት ተራራ አይቼ አላውቅም። መስኮቱ መጀመሪያ የሚያሳየው ግቢውን ነው፤ በግቢው ውስጥም ጠዋት ጠዋት እርስዎ አንሶላ ሲያሰጡ፣ የልብስ መቆንጠጫውን በጥርስዎ ይዘው፣ ለራስዎ ብቻ የሚያንጎራጉሯት ነገር አለች። ጭላሎ ከዚያ ወዲያ ነው። ሰውየው ከተራራው በፊት ያለውን እንዳያይ ማን አስጠነቀቀው? አልጋው ላይ ያለው ባለ ነብሩ ብርድ ልብስም ከጭነቴ መርጬ ለእርስዎ ያመጣሁት መሆኑን ያስታውሳሉ። ነብሩ ነክሶት እንደሆነ ብዬ ጠዋት ጠዋት ፊቱን አይ ነበር፤ ይኸው እንቅልፍ የጠገበ ፊቱን ይዞ ይወጣል።

፪ኛ፦ ስለ ማሞቂያው። ይህ ማሞቂያ እኔ በጠየቅሁ ቁጥር ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ መብራት የለም፣ ወይ ሠሪው ቀጥሮ ቀርቷል። እንግዳው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ ሲል ግን ወዲያው ተፈወሰ! ሰውየው ሐኪም ነው እንዴ? እኔ በዚያ በረዶ ውሃ ስታጠብ ጮኼ ግቢውን ሳምስ፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ቻለው» ሲሉኝ ኖረዋል። ታዲያ እሱ ምንድን ነው?

፫ኛ፦ ለቋንቋ ስላሳዩት ፍቅር። ሰውየው አንድ ቀን ጠዋት ከመጽሐፍ አጥንቶ መጥቶ «አካም ቡልቴ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ቢልዎት፣ በደስታ አጨበጨቡ፤ ዘበኛውን ኦብሳን ጠርተው ድጋሚ አስባሉት። ወይ ጉድ! እኔ ጮሌ ገበያ ላይ በኦሮምኛ ስሸጥ፣ ስከራከር፣ ስራገም የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ ማን አጨበጨበልኝ? ይልቁንም የወላጆቼ የጉራጌ ቅላጼ ብቅ ባለ ቁጥር ሆድዎን ይዘው ይስቁብኝ ነበር። ያን ሳቅ እወደው ነበር፤ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ነው። ለካ ለመጣው ሁሉ የሚሳቅ ሳቅ ኖሯል።

፬ኛ፦ ፎቶ። ላንሳዎ ብል ለእኔ «ሂድ ወዲያ፣ ደግሞ ምን አለኝና ነው» ያሉኝ ሴት፣ ለእሱ ሻርፕ ቀይረው ተነሱ። በዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

እዚህ ደርሰው «ይህ ቅናት ነው» ሳይሉ አይቀሩም። አዎ፣ ቅናት ነው! አንጀቴ አርሯል። ሽር ጉድ ሲሉለት ባየሁ ቁጥር አንዲት ቃል ተንፍሼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን አፌን የዘጋሁ ጨዋ ደንበኛ ስለነበርኩ፣ አሁን በጽሑፍ ጨዋነቴን እየተወጣሁ ነው።

፭ኛ፦ ወደ ጩኮው ልምጣ። የተቀሩትን ሁሉ በሆዴ ይዤ ወደ ጮሌ እመለስ ነበር፤ ከቤትዎ ያስወጣኝ ይኸኛው ነው። ያ ገብስ የማን ገብስ ነው? ከጮሌ በምመጣበት የጭነት መኪና፣ ጥሩውን አስመርጬ፣ እንዳይረጥብ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የማመጣልዎ ገብስ ነው። እርስዎም ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በቅቤ አሽተው ጩኮ ያደርጉታል፤ አቤት ሽታው! በእርግጥ አላበሉኝም አልልም። ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ከእርስዎው ሳህን ፊት አስቀምጠው «ና ብላ» ይሉኛል፤ እበላለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ ቋጥረው «ለመንገድህ» ብለው ሰጥተውኝ አያውቁም። ስሄድ ያው «ቻው፣ ደህና ግባ» ብቻ ነው፤ እኔም በዚያ ብርድ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ እሄዳለሁ።

ሰውየው ሊሄድ ሲነሳስ? አዲስ ዕቃ ተገዛ፤ ጩኮው እየተጠቀጠቀ ተሞላ፤ በነጭ ጨርቅ ተቋጠረ። በር ድረስ ሸኙት። ባጃጁ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስም እጅዎን አላወረዱም። የእኔ ገብስ፣ በእኔ ዓይን ፊት፣ ወደማላውቀው አገር ሄደ። ያን ጊዜ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ወዳለችው ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን አነሳሁ።

በር ላይ ኦብሳ ያዘኝ። ይህ ዘበኛዎ ከአፉ ቃል በጉጠት የማይወጣለት ሰው ዛሬ ተናጋሪ ሆነና፣ ስንቅ የሚቋጠረው ለሚሄድ ሰው እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ እርስዎን «ለኢርሻድስ ለምን አትቋጥሪም?» ብሎ ቢጠይቅዎት፣ «ኢርሻድ ደግሞ የት ይሄዳል?» ብለው እንደሳቁበት አጫወተኝ። ጥሩ ሰበብ ነች፤ አደንቃለሁ። ለሚሄደው ጩኮ፣ ለማይሄደው የመጸዳጃ ቤት ጎረቤትነት! ቁልፉን እጁ ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ከኋላዬ «ኢርሻድ!» ብለው ሲጠሩኝ ሰምቻለሁ፤ ያልሰማ መስዬ መንገዱን ተሻገርኩ።

አሁን ያለሁት ከእርስዎ ፊት ለፊት፣ በአቶ ይበልጣል ፔንሲዮን ነው። ይህን የምነግርዎ እንዲቆጭዎት አይደለም። ውሃው ይፋጃል። አልጋው ሰፊ ነው። አቶ ይበልጣል ባየኝ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ እያለ «ጌታዬ» ይለኛል፤ ስሜን ግን ለማወቅ ገና ጊዜ አላገኘም። ክፍሌም መስኮት አላት። መስኮቷ የእርስዎን በር የምታሳይ ሆና መገኘቷ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ በዚህኛው ግቢ ያሉት ሌሎቹ ክፍሎች ባዶ መሆናቸው ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ከእንግዲህ ብርድ ልብስ ቢፈልጉ ከገበያ ይግዙ፤ ገብስም ቢያልቅብዎ ያ ረጅሙ ሰው ከአገሩ ይላክልዎት። በበኩሌ ላደረጉልኝ ሁሉ፣ ይልቁንም ላላደረጉልኝ ሁሉ፣ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ቤትዎ በእንግዳ እንዲሞላ፣ እንግዶችዎም ተራራውን ብቻ እንዲያዩ ዱዓ በማድረግ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ኢርሻድ
የብርድ ልብስ ነጋዴ፣ የቀድሞው የአራት ቁጥር ሰው

ግልባጭ፦
ለኦብሳ፣ የበር ጥበቃ (ስለ ስንቅ ላደረገው ገለጻ)
ለአቶ ይበልጣል (ስሜን እንዲያውቀው)

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ያለውን ጽፌ ጨርሼ ሙጫ እየቀባሁ ሳለ ኦብሳ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። በእጁ አዲስ ዕቃ፣ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ። «ወይዘሮ ዙቤዳ ለመንገድህ ብለውሃል» አለኝና ዓይኔን ሳያይ ተመለሰ። እሰይ! ስመኘው የኖርኩት ጩኮ ይኸው መጣልኝ። መደሰት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ሙጫውን አስቀምጬ እስክሪብቶዬን መልሼ አነሳሁ።

ዙቤዳ፣ «እርስዎ» ማለቱን እዚህ ላይ ልተወው። የኦብሳን ወሬ ሰበብ ነው ያልኩትን አንስቻለሁ፤ እውነት እንደሆነ ራስሽ እንደ ሄደ ሰው በነጭ ጨርቅ ቋጥረሽልኝ አስረዳሽኝ። ጩኮሽን ሳልፈታው ከዚህ ደብዳቤ ሥር፣ በርሽ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደብዳቤውንም አልቀደውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያንብበው፣ ፈረንጅ ካለፈም ይተርጎምለት። ነገ ሌላ ረጅም ሰው ቢመጣ አራት ቁጥርን ስጪው፤ ሙቅ ውሃውንም ስጪው። እኔን ግን ጠዋት ሳህንሽን አቅርበሽ «ና ብላ» በይኝ። መንገድ ተሻገርኩ እንጂ የትም አልሄድኩም።