ለእንቁጣጣሽ አንድ፣ ለፋሲካ አንድ

ሰኞ፣ መጋቢት 6 ቀን 2013

ደም ግፊቴ 148 በ90። ማሽኑን ክንዴ ላይ ያሰረችልኝ መክሊት ናት። ስልኬን አልሰጥም ያልኳት ከተለካሁ በኋላ ስለሆነ ቁጥሩ በሷ አይሳበብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መክሊት የልጄ የአስቴር ልጅ ናት፣ አሥራ አምስት ዓመቷ። አምስት የኮሪያ ሴት ልጆች የሚዘፍኑበት ቡድን ትወዳለች። መውደድም አይባል፣ የወለደቻቸው ነው የምትመስለው። አዲስ ዘፈን ባወጡ ቁጥር የኔን ስልክ ትወስድና ድምፁን ዘግታ ቀኑን ሙሉ ታጫውተዋለች። በተጫወተ ቁጥር ይቆጠርላቸዋል፣ አንደኛ ይወጣሉ። የሷ ስልክ፣ ታብሌቷ፣ የእናቷ አሮጌ ስልክ፣ የኔ። አራት። እዚሁ ኦሃዮ፣ ደብሊን ለምትኖር የአድናቂዎቹ አለቃ "አራት አለኝ" ብላ ቃል ገብታለች።

መስከረም ላይ አወጡ። ለገና አወጡ። አሁን ደግሞ ዓርብ ሊያወጡ ነው።

"በሁዳዴ?" አልኳት።

"አባባ፣ ኮሪያ ሁዳዴ የለም።"

"ገላ የላቸውም?"

ሲለማመዱ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየችኝ። ሲያርፉ ውሃ ታደላቸው። አራቱ ጠርሙሱን እንደ ሰው ያዙ። ፀጉሯ አጭር የሆነችው ግን በሁለት መዳፏ መሃል አጣብቃ ነው ያነሳችው፣ አውራ ጣቷን ሳትነካው። ይቺ ልጅ እጇን ታማለች አልኩ። "እሷ እንደዛ ነው ኪዩት የምትሆነው" አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ስልኬ ለዚህ ሥራ አይውልም አልኳት።

"ተበላሸ?"

"አድሟል።"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 7

መክሊት ልትለካኝ አልመጣችም። ብቻዬን አሰርኩ፣ ጫፉን በጥርሴ ይዤ። ማሽኑ መጀመሪያ አልለካም አለ፣ ቀጥሎ 171 አለ። አላመንኩትም። ግን ጻፍኩት።

ነርሷ ደብተሩን ስትሰጠኝ ቁጥሩን ጻፍ፣ ከጎኑ ደግሞ የተሰማህን ጻፍ ብላለች። የተወችልኝ ቦታ የጣት ስፋት ነው። የኔ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የተማርኩት ነው፣ ትልልቅ ነው፣ አይበቃውም። እሷ እንደሁ አማርኛ አታነብም። ስለዚህ የተሰማኝን ሁሉ እጽፋለሁ።

የመክሊት ትምህርት ዛሬም ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ነው። በምሳ ሰዓቷ ልትከራከረኝ ወጣች። ተዘጋጅታበታለች።

በዓመት ሦስቴ ካላወጡ ሰው ይረሳቸዋል። በየሳምንቱ አዲስ ቡድን ይመጣል። ኮንትራታቸው ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ ማን ያውቃል። ደግሞም ራሳቸው ይፈልጋሉ።

"ማን ጠየቃቸው?" አልኩ።

"ላይቭ ላይ ብለዋል።"

"አሠሪያቸው በሌለበት?"

እዚህ ላይ ረታኋት።

"እሺ አንተ በዓመት ስንት ትላለህ?"

"ሁለት። ለእንቁጣጣሽ አንድ፣ ለፋሲካ አንድ። ሰው አዲስ ነገር የሚያምረው በዓል ሲደርስ ነው። በመሃል ይረፉ፣ እናቶቻቸውን ይዩ።"

ሳቋ አመለጣት። ቶሎ መለሰችው። "አባባ፣ ቢዝነስ አታውቅም" አለችኝ።

ሽሮ ሜዳ ሠላሳ ዓመት የሸመንኩትን ሰው! እሱን ስነግራት "ያ እኮ ልብስ ነው" ብላ በሯን ዘጋች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 8

ዛሬም በጥርሴ። 163።

አታናግረኝም። ደህና አደርክ ትላለች፣ እሱንም ለግድግዳው። አንዱ ስልክ ስለጎደለባት በአለቃዋ ፊት አፍራለች። እኔ ደግሞ ያልኩትን ብያለሁ።

ልብስ ነው አለችኝ። ልብስስ ማን ይሠራዋል? ድሩን ከሱቅ እንገዛ ነበር። ማጉን ግን ባለቤቴ ብርቄ ናት የምትፈትለው፣ በእንዝርት፣ በጣቷ። እኔ መወርወሪያ ስወረውር ሰው ያየኛል። እሷ ጥጓ ላይ ስለምትቀመጥ ማንም አያያትም። ነጋዴው ሲመጣ የሚያነጋግረው እኔን ነው። ስንት ታደርሳለህ ይለኛል። ይህን ያህል እላለሁ።

ከገና እስከ ጥምቀት አሥራ ሁለት ቀን ናት። ስለዚያ ጥምቀት አልጽፍም።

አስቴር ከምትሠራበት የዕቃ ማከማቻ ዌርሀውስ ገባች። ኦቨርታይም ነበራት፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ወደቀች። "አባዬ፣ ስልኩን ስጣትና ልረፍበት፣ በናትህ" አለችኝ። ደንብ ነው አልኳት። "የምን ደንብ?" አለች። ሾርባዋን አሞቅኩላት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

159። እጄ ለመደው።

አስቴር የእረፍት ቀኗ ስለሆነ ከምንኖርበት ከፒከሪንግተን ይዛኝ ወጣች፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ካለው ያበሻ ሱቅ ሽሮና ምስር ልንገዛ። ሱቁ በር ላይ ታደሰን አገኘሁት። በዕድሜ እኩያዬ ነው፣ ድሮ አብረን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እንሠራ ነበር። ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ይቀልዳል። አስቴር ነግራዋለች።

"በኮሪያ ላይ አደምክ አሉ! ዘመቻ ቀርቶብህ ነው?"

"ሂድ ወዲያ።"

"አንተ ሽማግሌ፣ ከሕፃን ጋር በስልክ ትኮራረፋለህ? የኔዋ የልጅ ልጅ ደግሞ የወንዶቹን ቡድን ነው የምትከታተል። ሰባት ናቸው። ስማቸውን በተርታ ልጥራልህ?"

ጠራ። ሰባቱንም። ቀናሁ። እኔ የአንዷንም አላውቅም፣ ያቺንም ባለ አጭር ፀጉሯ ነው የምላት።

ዳቦ ቆሎ ገዝቼ የመክሊት በር እጀታ ላይ አንጠለጠልኩ። አላንኳኳሁም። ማታ ሳይ ከረጢቱ እዚያው ነው። ግን ተከፍቷል፣ ጎድሏልም።

ዓርብ፣ መጋቢት 10፣ መስቀል

ዘፈኑ እዚህ የሚደርሰው ንጋት ላይ ነው። ለጸሎት ቆሜ ሳለ ከመክሊት ክፍል እልልታ የሚመስል ጩኸት ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስልኬን ወስጄ ልስጣት ብዬ ኮሪደሩ ግማሽ ድረስ ሄጃለሁ። ተመለስኩ። ያልኩትን ብያለሁ።

ከቀትር በኋላ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ድርጅታቸው ማስታወቂያ አውጥቷል። ባለ አጭር ፀጉሯ ታማለች፣ እጇንም ሰውነቷንም፣ ላልታወቀ ጊዜ ታርፋለች። የቀሩት አራቱ ይቀጥላሉ። ይህን ለኔ ልትነግረኝ ነው የመጣችው፣ ሦስት ቀን አኩርፋኝ ቆይታ።

እኔ ምን አልኩ? "አላልኩሽም?"

አየችኝ። ክፍሏ ገባች። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ።

ምላሴን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ጾሜን ስገድፍ ሳህኔን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11

አልለካሁም።

በበሩ በኩል ከአለቃዋ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ የገባኝን እጽፋለሁ። አለቃዋ ትላለች፦ ከበፊቱ የበለጠ ማጫወት አለብን፣ ልጅቱ ስትመለስ አንደኛ ወጥተን እንጠብቃት። ሌሎቹ አድናቂዎች ደግሞ እናቁም እያሉ ነው፣ ድርጅቱ ይማርበት። የኛዋ "አላውቅም" አለች። ደጋግማ።

ከሰዓት በኋላ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ታብሌቱና ሁለቱ ስልኮች በአፋቸው ተደፍተው አገኘሁ። ገልበጥ አድርጌ አየሁ። ጠፍተዋል። የራሷን ስልክ ሳይቀር አጥፍታዋለች።

የኔንም አጥፍቼ ከጎናቸው አስቀመጥኩት። አራት ሆኑ።

አስቴር ስትገባ አየቻቸውና "ቤቱ ውስጥ ምን ሆናችኋል?" አለች። አላውቅም አልኳት እኔም።

እሁድ፣ መጋቢት 12

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መክሊት ማሽኑን ይዛ ወንበሬ አጠገብ ቆማለች። እጅጌህን ሰብስብ አለችኝ፣ በኩርፊያ። አሰረችልኝ። ማሽኑ መንፋት ሲጀምር ጠየቀችኝ።

"ባለ አጭር ፀጉሯ መታመሟን እንዴት አወቅክ? ቪዲዮውን ፈልጌ ደግሜ አየሁት። እውነትህን ነው፣ ጣቷን አትነካም። ያ ሁሉ ሰው አይቶት ማንም አልጻፈም።"

አፌን ስከፍት "ሲለካ አይወራም" አለች። ሁልጊዜም የምትለኝ ነው። ራሷ ጠይቃኝ!

አወራሁ። ዝም ብል ኖሮ ዳግመኛ የማወራው አይመስለኝም።

የዚያን ዓመት ገና ካለፈ በኋላ ነጋዴው መጣ። ለጥምቀት የገናውን ያህል ይድረስልኝ አለ። ይደርሳል አልኩ። ብርቄ ጥጓ ላይ ተቀምጣለች፣ ዞር ብዬም አላየኋትም። አሥራ ሁለት ቀን ፈተለች። አደረስን። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፣ እኔን። ከጥምቀት በኋላ የቀኝ አውራ ጣቷ አልታጠፍ አለ። ብርድ ነው አልኩ። ኋላ ግራውም ተከተለ። ብርድ ነው አልኩ። እዚህ አገር መጥተን የልብሷን ቁልፍ እየቆለፍኩላት፣ አሁንም የኦሃዮ ብርድ ነው እል ነበር። እስክትሞት አንድ ቀን አንተ ነህ አላለችኝም። እኔም እኔ ነኝ አላልኳትም።

ማሽኑ ጮኸ። 166 በ94።

መክሊት አላየችውም። "እማማ ሻይ በሁለት መዳፏ ነበር የምትጠጣው" አለች። "የኢትዮጵያ ደንብ መስሎኝ እኔም እንደሷ ነው የምጠጣው። እስካሁን።"

አላወቅኩም ነበር። አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አላየሁም።

"በዓመት ስንት ነበር የሚበቃት?" አለችኝ።

ሁለት ልል ነበር። ለእንቁጣጣሽ አንድ፣ ለፋሲካ አንድ። አፌ ላይ ደርሶ ቆመ።

"እኔ እንጃ" አልኩ። "አልጠየቅኋትም።"

ስልኮቹ ዛሬም እንደጠፉ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ነገ ታበራቸው እንደሆነ አላውቅም። የኔን ከጠየቀችኝም ምን እንደምላት አላውቅም።

"አሁን እንደገና እንለካለን" አለች። "አምስት ደቂቃ። አንድ ቃል እንዳትናገር።"

አጠገቤ ተቀመጠች። እሷም አልተናገረችም። 144 በ88።

"ሁለተኛውን ጻፍ" አለችኝ።

ሁለቱንም ጻፍኩ።